ውሻና ጓሮ፦ ለውሻውም ለባለቤቱም የሚስማማ የጓሮ አትክልት ቦታ አሠራር

ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

በደጋውም ሆነ በወይና ደጋው አገራችን የገበሬ ግቢና ውሻ አይለያዩም። ሌሊት ጅብ ወደ በረቱ ሲቀርብ የሚያስጠነቅቀው፥ ጃርት ድንቹን ሊቆፍር ሲመጣ የሚያባርረው፥ ቀን ደግሞ ጦጣና ዝንጀሮ እሸቱን እንዳይደፍሩ የሚጠብቀው ውሻ ነው። ደመወዙም የገበታ ትራፊ ብቻ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚባለውም ለዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ የጓሮ አትክልት በተስፋፋ ቁጥር በውሻውና በአትክልቱ መካከል ጠብ ይፈጠራል። ውሻው የተዘራውን መደብ ይቆፍራል፤ ችግኙ ላይ ይተኛል፤ በጥቅል ጎመኑ ላይ ይሸናል። ባለቤቱም ተናዶ ወይ በአጭር ገመድ አስሮ ይተወዋል፥ ወይ ደብድቦ ያባርረዋል፥ ወይም አትክልቱን ይተዋል። ከሦስቱ አንዱም መፍትሔ አይደለም። በአጭር የታሰረ ውሻ ተናካሽ ይሆናል፤ የተባረረ ውሻ ከመንደር መንደር እየዞረ በሽታ ያመጣል፤ አትክልቱን የተወ ቤተ ሰብም ለወጡ የሚሆነውን ጎመንና ካሮት ከገበያ ለመግዛት ይገደዳል።

የዚህ ትምህርት ዓላማ ግቢውን በዕቅድ በመመደብ ውሻውም አትክልቱም ቤተ ሰቡም ያለ ጠብ የሚኖሩበትን መንገድ ማሳየት ነው። ከዚህም ጋር ከውሻ ወደ በግና ወደ ሰው የሚተላለፉትን በሽታዎች በግቢ አሠራር እንዴት መከላከል እንደሚቻል እንገልጻለን። ለሥራው የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው አሳብና ጉልበት ነው።

ከራሴ ስሕተት የተገኘ ትምህርት

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከእርሻ ኮሌጅ ወጥቼ በልማት ሠራተኛነት ሥራ በጀመርሁበት ዓመት በአንድ ደጋ ቀበሌ የጥቅል ጎመን ችግኝ ለማስተማሪያ በአንዲት እናት ጓሮ አስተክዬ ነበር። መደቡን የመረጥሁት እኔ ነኝ። ቦታው ለስላሳ አፈርና ጥሩ ፀሐይ ስለ ነበረው ከዚያ የተሻለ የለም አልሁ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ግን ችግኙ ግማሽ በግማሽ ተረጋግጦና ተቆፍሮ አገኘሁት። እኔም ብዙ ሳላስብ «ውሻውን እሰሩት» ብዬ አዘዝሁ።

ውሻው ከአንድ ክንድ ተኩል በማይበልጥ ገመድ ከአጥሩ እንጨት ጋር ታሰረ። ከሳምንት በኋላ ጃርት ገብቶ ከመደቡ አጠገብ የነበረውን ድንች ቆፍሮ ጨረሰው፤ የሚያባርረው አልነበረምና። ከዚህም የከፋው የሰባት ዓመት ልጃቸው ውሃ ሊሰጠው ሲጠጋ ውሻው እጁን ነከሰው። ቁስሉ ትንሽ ስለ ነበር ቅጠል ታሰረበት፤ ወደ ጤና ጣቢያ የሄደውም በሦስተኛው ቀን ነው። ውሻው ከዐሥር ቀን በላይ በጤና ቆየ፤ ልጁም በደኅና ተረፈ። ነገር ግን ውሻው የታመመ ቢሆን ኖሮ መዘግየቱ የልጁን ሕይወት ያሳጣ እንደ ነበር ሳስበው ዛሬም ይሰማኛል። ቁስሉን ወዲያው በሳሙና ማጠብ እንደሚገባ ከመካከላችን የተናገረ አልነበረም። እኔም ጎመኑን እንጂ ግቢውን አላየሁም ነበር።

በኋላ እናቲቱን «እማማ፥ ውሻው ለምን ይህን መደብ ብቻ መረጠ?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ መንገዱ ላይ እኮ ነው የተከልኸው። ሌሊት ከበረቱ ወደ አጥሩ ጥግ የሚሮጠው በዚያ ነው። ሳትጠይቀኝ ቆፈርህ፤ እኔም ዐዋቂ ነህ ብዬ ዝም አልሁ» አሉኝ። በሚቀጥለው ዓመት መደቡን አምስት እርምጃ አሸሽተን፥ ለውሻው መንገዱን ትተን ተከልን። ጎመኑም ለገበያ ደረሰ፥ ውሻውም ተፈታ። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ መሠረቱ ይኸው ነው፤ አስቀድሞ ውሻው የሚሄድበትን ማወቅ፥ ከዚያ በኋላ መቆፈር።

1ኛ. የውሻን ጠባይ ማወቅ

ውሻ አትክልት የሚያበላሸው በክፋት አይደለም። የሚያደርገውን ሁሉ በምክንያት ያደርገዋል። ምክንያቱ ከታወቀ መከላከሉ ቀላል ነው።

ሀ. መንገዱ። ጠባቂ ውሻ በየዕለቱ በአጥሩ ሥር እየዞረ ግቢውን ይፈትሻል። በበጋ ወራት ሣሩ ተረግጦ የተላጠውን ስታዩ የውሻው መንገድ የት እንደ ሆነ ትረዳላችሁ። በዚህ መንገድ ላይ የተተከለ ነገር አይበቅልም። መንገዱን ከመዝጋት ይልቅ አትክልቱን ከመንገዱ ማራቅ ይሻላል።

ለ. መቆፈሩ። ውሻ የሚቆፍረው ስለ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ ፀሐይ ሲበረታ እርጥብና ቀዝቃዛ አፈር ፈልጎ ሊተኛበት ነው፤ ውሃ የጠጣ መደብ ደግሞ ከግቢው ሁሉ የቀዘቀዘ ቦታ ነው። ሁለተኛ፥ ሽታ ስቦት ነው፤ ያልበሰለ ፍግ፥ አጥንት ወይም ከመሬት ሥር ያለ ፍልፈል ይስበዋል። ሦስተኛ፥ ሥራ ፈትቶ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለ ውሻ ሲፈታ አፈሩን ይበትናል።

ሐ. ሽንቱ። ወንዱ ውሻ ወሰኑን ለማስታወቅ ቀጥ ብሎ በቆመ ነገር ላይ ይሸናል። በውሻ ሽንት ውስጥ ብዙ ዩሪያ አለ። ዩሪያ ማዳበሪያ በቅጠል ላይ ሲወድቅ እንደሚያቃጥል ሁሉ የውሻ ሽንትም ቅጠልን ያቃጥላል። ስለዚህ ከአትክልቱ ወጣ ብሎ በመንገዱ ዳር አንድ ሁለት ጉማጅ እንጨት ቢተከልለት በዚያ ይለምዳል፤ ችግኙም ይተርፋል።

መ. መጠበቂያው። ውሻ በሩን፥ በረቱንና የሰዎቹን መውጫ መግቢያ በአንድ ጊዜ የሚያይበት ቦታ ይወዳል። ቤቱ በማያይበት ጥግ ቢሠራለት አይገባበትም።

አንድ ልምምድ። ከመቆፈራችሁ በፊት ለሦስት ቀን ጧት፥ ቀትርና ማታ ውሻው የት እንደ ተኛና በየት እንደ ሄደ ተመልከቱ። የሄደበትን በአመድ ምልክት አድርጉበት። በሦስተኛው ቀን የግቢያችሁ ካርታ በመሬት ላይ ተስሎ ታገኙታላችሁ።

2ኛ. ግቢውን መመደብ

ለምሳሌ ወርዱ 20 ሜትር፥ ርዝመቱ 25 ሜትር የሆነ፥ ማለት 500 ካሬ ሜትር የሆነ ግቢ እንውሰድ። ቁልቁለቱ ከጓሮ ወደ በሩ ይወርዳል፤ ቤቱ በመካከል ነው። ይህ ግቢ በሦስት ይከፈላል።

የላይኛው ክፍል፥ ማለት ከቤቱ ጀርባ ያለው፥ ለአትክልት ይሆናል። የመካከለኛው ለቤቱ፥ ለማድቤቱና ለልጆች መጫወቻ ነው። የታችኛው፥ በበሩ አጠገብ ያለው፥ ለውሻው ቤትና ለበረቱ ይሆናል። አትክልቱን ከላይ፥ ውሻውን ከታች የምናደርገው በክረምት ጎርፍ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው። የውሻው ዐይነ ምድር በጎርፍ ታጥቦ ወደ ጎመኑ ወይም ወደ ውሃ ጉድጓዱ እንዳይገባ በዚህ ይጠበቃል። ቁልቁለቱ በተቃራኒው ከሆነ ምድባውም በተቃራኒው ይሁን።

በአጥሩ ውስጥ ዙሪያውን አንድ እርምጃ፥ ማለት 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መንገድ ለውሻው ይተው። ይህ መንገድ በአትክልቱም ጀርባ ስለሚያልፍ ውሻው ጃርቱን ከዚያ ያባርራል። ቦታ ባከነ የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን በአጥር ሥር ያለ መሬት ጥላና ሥር የበዛበት ስለ ሆነ ለአትክልት ብዙም አይጠቅምም። በዚህ መንገድና በአትክልቱ መካከል፥ ከላይ በኩል፥ አንድ ስንዝር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሮ ጎርፉን ወደ ጎን ማስወጣት ያስፈልጋል።

የአትክልቱ ቦታ 6 ሜትር በ9 ሜትር ቢሆን ለመጀመሪያ ይበቃል። በዚህ ውስጥ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ወርድና 5 ሜትር ርዝመት ያላቸው ስድስት መደቦች ይወጣሉ፤ በመካከላቸው ግማሽ ሜትር መተላለፊያ ይቀራል። የመደቡ ወርድ ከ1 ሜትር እንዳይበልጥ የሚደረገው ከሁለቱም ወገን እጅ እንዲደርስና ማንም እግሩን በመደቡ ላይ እንዳያሳርፍ ነው። ሰው የማይረግጠውን መተላለፊያም ውሻ ከጊዜ በኋላ ይለያል።

3ኛ. አጥርና በር

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባላል። ይህ ለምሳሌ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ እንደ ቃሉ እውነት ነው። ውሻ በአጥር ሥር ያበጀው ቀዳዳ በማግስቱ የጅብ፥ የቀበሮና የጃርት በር ይሆናል።

የውጭው አጥር ቁመት ከ1 ሜትር ተኩል ባያንስ መልካም ነው። የአጥሩ ግርጌ አንድ ስንዝር ያህል ተቆፍሮ ድንጋይ ይደርደርበት፤ ውሻውም ጅቡም ድንጋይ ሲያገኙ መቆፈሩን ይተዋሉ። ለሕያው አጥር ስሚዛ ከቅርንጫፉ ተቆርጦ በክረምት መግቢያ ሲተከል በቶሎ ይይዛል። ኮሽም እሾሃም ስለ ሆነ አሳልፎ አይሰጥም፤ ፍሬውም ይበላል። ግራዋም ጥሩ ነው። ቅንጭብ ግን በውሻው መንገድና በልጆች መጫወቻ አጠገብ አይተከል፤ ነጩ ወተቱ ዓይን ውስጥ ሲገባ ክፉኛ ያቃጥላል፥ ዓይንንም ሊያጠፋ ይችላል።

የአትክልቱ የውስጥ አጥር ቀላል ይበቃዋል። ከ80 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ቁመት ያለው የባሕር ዛፍ ፍልጥ ወይም የቀርከሃ አጥር ሆኖ በእንጨቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ጋት አይስፋ። ዙሪያው 30 ሜትር ብቻ ስለ ሆነ አንድ ሰው በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። በሩ ሁልጊዜ የሚዘጋ መሆን አለበት። ይህ አጥር ዶሮዎችንም ስለሚከለክል ጥቅሙ እጥፍ ነው።

4ኛ. የውሻው ማረፊያ

ሀ. ቤቱ። ለአገራችን ውሻ ውስጡ 1 ሜትር ርዝመት፥ 70 ሳንቲ ሜትር ወርድና 80 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቤት ይበቃዋል። ከዚህ በጣም ከሰፋ በብርድ ጊዜ በገላው ሙቀት ሊያሞቀው አይችልም። ወለሉ በድንጋይ ላይ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ እርጥበት እንዳይወጣበት ነው። በሩ ነፋስ ከሚመጣበት ወገን ይዙር፤ ወደ ግቢው መግቢያም ይመልከት። ጣራው ተነሥቶ የሚከደን ቢሆን ለማጽዳት ይመቻል። ጭድ ይነጠፍለት፤ ጭዱም በየሳምንቱ እየወጣ ይቃጠል፤ ቁንጫ የሚራባው በአሮጌ ጭድ ውስጥ ነውና።

ለ. ጥላና መተኛ አፈር። በቤቱ አጠገብ ከዛፍ ጥላ ሥር 1 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል የሆነ ቦታ ተቆፍሮና አፈሩ ለስልሶ ለውሻው ይተውለት። ሲበቃው እዚያ ይቆፍራል፥ እዚያም ይተኛል። በበጋ ቀትር ትንሽ ውሃ ብታርከፈክፉበት መደቡን ይረሳዋል። ይህ ትንሽ ነገር ብዙ ችግኝ ያድናል።

ሐ. ውሃ። የማይገለበጥ ከባድ ገበቴ ወይም የተፈለፈለ ድንጋይ በጥላ ውስጥ ይቀመጥና በየቀኑ ይታጠብ። የተጠማ ውሻ አትክልት ወደ ጠጣበት እርጥብ መሬት መሄዱ አይቀርም።

መ. ማሰሪያ። እንግዳ በሚበዛበት ሰዓት ውሻን ማሰር ያስፈልጋል። ነገር ግን በአንድ ችካል ላይ በአጭር ገመድ አይታሰር። በሁለት ምሰሶዎች መካከል ከ6 እስከ 8 ሜትር ሽቦ ከሰው ራስ በላይ ይወጠር፤ በሽቦው ላይ ቀለበት ይግባ፤ ከቀለበቱም ውሻው ያለ ችግር እንዲተኛና እንዲዞር የሚያስችል ሰንሰለት ይውረድ። ውሻው ከወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ ይጠብቃል፥ አይሰለችም። ሰንሰለቱ አጥር ዘሎ እንዲንጠለጠል ወይም በምሰሶው ላይ እንዲጠመጠም የሚያደርገው እንዳይሆን መለካት ይገባል። አንገቱ ላይ ያለው ማሰሪያ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን። ማታ ግን ውሻው ይፈታ፤ በሩም ይዘጋ። ሥራው በሌሊት ነው፤ ሥራውም በአጥሩ ውስጥ ነው።

5ኛ. መደቡን መጠበቅ

አዲስ የተዘራ መደብ በጣም የሚጎዳው እስኪበቅል ባሉት ሳምንቶች ነው። በዚህ ጊዜ የግራር ወይም የሌላ እሾሃም ዛፍ ቅርንጫፍ በመደቡ ላይ ጣል ጣል ቢደረግ ውሻም ዶሮም አይጠጉትም። ችግኙ ሲጠነክር እሾሁ ይነሣል። የችግኝ መደብ ሁልጊዜ በውስጥ አጥር ውስጥ ይሁን።

ወደ መደቡ የሚገባው ፍግ በደንብ የበሰለ መሆን አለበት። ያልበሰለ ፍግ ሥር ከማቃጠሉም በላይ ውሻን በሽታው ይስባል። ደም፥ ላባ፥ አጥንትና የሥጋ ትራፊ በመደብ ወይም በኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ ከቶ አይቀበሩ።

ለውሻ መርዝ የሆኑ ተክሎችን ማወቅ ይገባል። የጉሎ ፍሬ ሲታኘክ ብርቱ መርዝ አለው። አስተናግር፥ አጤ ፋሪስ የሚባለውም፥ ከፍሬው እስከ ቅጠሉ መርዝ ነው። ሁለቱም ልጆችንም ስለሚጎዱ ከግቢ ውስጥ ይነቀሉ። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለሰው መልካም ሲሆኑ ውሻ በብዛት ቢበላቸው ደሙን ያበላሹበታል። ስለዚህ የሽንኩርት መደብ በውስጥ አጥሩ ውስጥ ይሁን፤ የሽንኩርት ልጣጭም ለውሻ አይጣል።

ሌላው ትልቅ ጥንቃቄ ስለ መድኃኒት ነው። ለሰብል የተሠራ ፀረ ተባይ መድኃኒት ቁንጫ ለመግደል ተብሎ በውሻ ላይ አይረጭ፤ ውሻውንም የሚያቅፈውን ልጅም ይመርዛል። የአይጥ መርዝ ውሻ በሚደርስበት ቦታ አይቀመጥ፤ በመርዝ የሞተ አይጥም ወዲያው ይቀበር። በአትክልቱ ላይ መድኃኒት ሲረጭ ውሻው ይታሰር፤ ባዶ ዕቃውም የውሻ ውሃ መጠጫ አይደረግ።

6ኛ. የውሻ ዐይነ ምድርና የበግ አዙሪት

በዚህ ትምህርት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ክፍል ነው።

በግ ባላቸው ደጋ አገሮች አዙሪት የሚባለውን በሽታ የማያውቅ ገበሬ የለም። በጉ ከመንጋው ተለይቶ ራሱን አዘንብሎ በአንድ ወገን ይዞራል፥ ግድግዳ ይገፋል፥ በመጨረሻም ይወድቃል። ታርዶ ራሱ ሲፈለጥ በአንጎሉ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል። ይህ ከረጢት ውሻ ሆድ ውስጥ ከሚኖር ጠፍጣፋ ትል የመጣ ነው።

ነገሩ ክብ ሆኖ ይዞራል። ውሻው በሆዱ ያለውን የትል ዕንቁላል ከዐይነ ምድሩ ጋር በሣር ላይ ያፈስሳል። በጉ ሣሩን ሲግጥ ዕንቁላሉን ይውጣል፤ ትሉም ወደ አንጎሉ ሄዶ ከረጢት ይሆናል። በጉ ሲታረድ ራሱ ተፈልጦ ለውሻው ይጣላል፤ ውሻው ከረጢቱን ሲበላ ትሉ በሆዱ ውስጥ እንደገና ያድጋል። ስለዚህ አዙሪት የያዘውን በግ ራስ ለውሻ የሚሰጥ ገበሬ የሚቀጥለውን በጉን በገዛ እጁ ያሳምማል።

ይህን የመሰለ ሌላ ትል ደግሞ ከበግ፥ ከፍየልና ከከብት አልፎ ሰውን ያጠቃል። በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ያበቅላል። እብጠቱ ለብዙ ዓመት ቀስ እያለ ስለሚያድግ ሰውየው በሽታው መቼ እንደ ገባው አያውቅም፤ ሲብስ በቀዶ ጥገና እስከ መታከም ይደርሳል። የትሉ ዕንቁላል እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ በዓይን አይታይም። በቀዝቃዛና በእርጥብ አፈር እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል፤ ፀሐይና ድርቀት ግን ይገድሉታል። ውሻ የተጸዳዳበት መደብ ላይ የበቀለን ካሮት ወይም ሰላጣ ሳያጥብ የሚበላ፥ ውሻውን ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ የሚቆርስ ሰው በሽታውን ሊውጠው ይችላል። የቡችሎች ወስፋትም እንደዚሁ ነው፤ አፈር የሚቅሙ ሕፃናት ይይዛቸዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ወደ ዓይን ሄዶ ያሳውራል።

ይህን ክብ ለመቁረጥ የሚከተለው ይደረግ።

1. በፋሲካ፥ በመስቀል፥ በዐረፋ ወይም በማናቸውም ጊዜ በቤት ሲታረድ ውሻው አስቀድሞ ይታሰር። እብጠት ያለበት ጉበትና ሳንባ፥ አዙሪት የያዘው በግ ራስም 1 ሜትር በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበር፤ በላዩም ድንጋይ ይጫንበት።

2. ለውሻው የሚሰጥ የሆድ ዕቃ ሁሉ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀቀል።

3. የውሻው ዐይነ ምድር በየጧቱ በአካፋ ተነሥቶ በታችኛው ክፍል በተለየ ጉድጓድ ይቀበር። ጉድጓዱ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ግቢው ይህን ያህል ካልረዘመ ከግቢው ውጭ ይቆፈር። የከብት እበት ማዳበሪያ ስለ ሆነ የውሻም ይሆናል ተብሎ በኮምፖስት ውስጥ አይጨመር። ምግቡ ሥጋ ስለ ሆነ የሚያመጣው ትልም የተለየ ነው።

4. ውሻው በእንስሳት ጤና ባለሙያ ምክር በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት ይውሰድ። ለጠፍጣፋው ትል የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል ነው፤ መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም ስለ ሆነ 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 100 ሚሊ ግራም ይበቃዋል። መድኃኒቱን በወሰደ በሁለቱ ቀን ውስጥ ታስሮ ይቆይ፤ የሚያወጣውም ሁሉ ይቀበር። ወስፋት ከእናት ወደ ቡችላ ከመወለዱ በፊት ስለሚተላለፍ ቡችሎች ከሁለት ሳምንት ዕድሜያቸው ጀምሮ ለዚሁ የተለየ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል።

5. ከጓሮ የመጣ አትክልት በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ የሚበስለው ይብሰል። ልጆች ከውሻው ጋር ከተጫወቱ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

7ኛ. የእብድ ውሻ በሽታ

የፈረንሳዩ ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1885) ውሻ የነከሰውን ልጅ በክትባት ካዳነ ብዙ ዘመን አልፏል። ሆኖም በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች ይሞታሉ። ከመቶው ወደ 99 የሚሆኑት በሽታው የሚይዛቸው ከውሻ ነው፤ ከሟቾቹም ከመቶው 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን ከሞላ ጎደል አይቻልም። ከምልክቱ በፊት ግን በክትባት ፈጽሞ መከላከል ይቻላል።

የታመመ ውሻ ጠባዩ ይለወጣል። የዋሁ ተናካሽ፥ ተናካሹ የዋህ ይሆናል። እንጨትና ድንጋይ ይነክሳል፤ ድምፁ ይለወጣል፤ ለሐጩ ይዝረበረባል፤ መዋጥ ያቅተዋል፤ በኋላም እግሩ ይልፈሰፈሳል። አንዳንዱም ሳይናከስ ጨለማ ፈልጎ ይደበቃል። አጥንት የተሰነቀረበት መስሏችሁ እጃችሁን በአፉ ውስጥ አታግቡ።

ሰው ሲነከስ ወይም ሲቧጨር የሚደረገው ይህ ነው። ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፤ በርበሬ፥ ቡና ወይም ቅጠል አለማድረግ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ፤ የታዘዘውን ክትባት ሳያቋርጡ መጨረስ። ጸሎትም ጠበልም ለሚሻ ሰው ከክትባቱ ጋር የሚጣላ ነገር የለም፤ ክትባቱን ማዘግየት ግን ሞትን ያመጣል። የነከሰው ውሻ በደኅና መታሰር ከቻለ አይገደል፤ ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያም ይነገር። ውጤቱን እየጠበቁ ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድን ማዘግየት አይገባም።

ውሻው ከሦስት ወር ዕድሜው ጀምሮ ይከተብ፤ ባለሙያው በሚያዝዘውም ጊዜ ይደገምለት። በአንድ ቀበሌ ካሉት ውሾች ከመቶው 70 ያህሉ በየዓመቱ ቢከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። የግቢ አጥርም እዚህ ላይ መድኃኒት ነው፤ ሌሊት ከግቢው የማይወጣ ውሻ ከማያውቀው ውሻ ጋር አይናከስምና። በባሌ ተራሮች በ1996 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓ በ2003ና በ2004) ይህ በሽታ ከመንደር ውሾች ተላልፎ በዌብ ሸለቆ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። በመንዝ ጓሳና በስሜን አጠገብ የሚኖሩ ገበሬዎችም ውሻቸውን ሲያስከትቡ ልጃቸውንም በአገራችን ብቻ የሚገኘውን ይህን አውሬም ይጠብቃሉ።

ለልማት ሠራተኞች ማስታወሻ

ወደ ገበሬው ግቢ ስትገቡ አስቀድማችሁ ጓሮውን የምትሠራውን እናትና ውሻውን የሚመግበውን ልጅ ጠይቁ። የግቢውን ካርታ ከቤተ ሰቡ ጋር በመሬት ላይ በአመድ ሣሉ። «ውሻውን እሰሩት» ከማለታችሁ በፊት የት፥ በምን ያህል ሰንሰለትና እስከ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ተናገሩ። በቀበሌው ያሉትን ውሾች ቁጠሩ፤ 100 ቢሆኑ 70ው እስኪከተቡ ሥራችሁ አላለቀም። የክትባቱን ቀን ከእንስሳት ጤና ባለሙያና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ሆናችሁ በገበያ ቀን ወይም በዕድር ስብሰባ አስታውቁ። መስከረም 18 ቀን ገደማ የሚውለው ዓለም አቀፍ የእብድ ውሻ በሽታ መታሰቢያ ቀን ለዚህ ይመቻል፤ ከመስቀል ዕርድ ጋር ስለሚቀራረብ ስለ ሆድ ዕቃውም በዚያው ለማስተማር ይረዳል።

የሥራ ጊዜ

በበጋ፦ ውሻውን መመልከት፥ ካርታ መሣል፥ ድንጋይና እንጨት ማከማቸት፥ የውሻውን ቤት መሥራት።
በክረምት መግቢያ፦ ሕያው አጥር መትከል፥ ቦይ ማውጣት፥ መደብ ማንሣት።
ከዕርድ በዓላት በፊት፦ መቅበሪያ ጉድጓድ ማዘጋጀት።
በየሦስት ወሩ፦ የትል መድኃኒት። በየዓመቱ፦ ክትባት።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. አትክልት ከላይ፥ የውሻው ቤት ከታች የሚደረገው ስለ ምንድን ነው?
2. ውሻ መደብ የሚቆፍርባቸውን ሦስት ምክንያቶች ተናገር።
3. አዙሪት ከበግ ወደ ውሻ፥ ከውሻም ወደ በግ እንዴት እንደሚዞር አስረዳ። ክቡ በየት በየት ሊቆረጥ ይችላል?
4. የውሻ ዐይነ ምድር በኮምፖስት ውስጥ የማይጨመረው ለምንድን ነው?
5. ልጅህን ውሻ ቢነክሰው በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ምን ታደርጋለህ? ከዚያስ በኋላ?
6. በግቢህ ውስጥ የውሻህ መንገድ በየት በኩል ያልፋል? የመጨረሻውን ጥያቄ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከግቢህ መልስ።

መደምደሚያ

ውሻው ጌታውን ለማገልገል የሚጠይቀው ጥቂት ነው፤ የሚዞርበት መንገድ፥ የሚተኛበት ጥላ፥ የሚጠጣው ውሃ፥ በዓመት አንድ ክትባት። ይህን ከሰጣችሁት በረታችሁንም ድንቻችሁንም ይጠብቃል፤ ልጃችሁም ያለ ፍርሃት አብሮት ይጫወታል። መልካም የጓሮ ሥራ ይሁንላችሁ።